ጥላና ጣዎስ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ሪያድ በጭቃ ግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ በነበረች ጊዜ፣ መሀሏ ላይ፣ ዛሬም ዲራ በሚባለው ሰፈር፣ ጥላ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። የራሴ የምትለው ቤት አልነበራትም፤ ከማንም ደጃፍ ግን «ሂጂ» ብሎ የሚያባርራት አልነበረም። ጠላቷ አንድ ብቻ ነበረች፤ ፀሐይ። ሪያድ ያለችበት የናጅድ ምድር ፀሐይ ደግሞ የእኛ ደጋ ፀሐይ አይደለችም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲደርስ፣ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ያን ጊዜ ጥላ የምትደበቅበት ጥግ ታጣለች።

አንድ ቀን ጥላ ከአንዱ ቤት ግድግዳ ወደ ማዶው ስትሻገር ነጠላዋ ተቃጠለ። ጩኸቷን የሰሙ ሁለት ግድግዳዎች ተመካከሩ።

«ጠዋት ጠዋት ከእኔ ሥር ትረፍ» አለ የምሥራቁ ግድግዳ።

«ከሰዓት በኋላ እኔ እቀበላታለሁ» አለ የምዕራቡ። «ግን ወንድሜ፣ በመካከላችን ያለው ሜዳ ሰፊ ነው። ስትሻገር ትነድዳለች። እስቲ ጠጋ በል።»

የምሥራቁ አንድ ክንድ ጠጋ አለ። የምዕራቡም አንድ ክንድ ጠጋ አለ። እንዲህ ሲጠጋጉ ሲጠጋጉ፣ በመካከላቸው የቀረው ጭነት የያዙ ሁለት አህዮች እየተሻሹ የሚተላለፉበት ጠባብ መንገድ ብቻ ሆነ። ለእኩለ ቀኑም መላ አላጡም። ከፎቃቸው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ተያያዙና በመንገዱ አናት ላይ አንድ ክፍል ሠሩ። በላዩ ቤተሰብ ይተኛበታል፤ በሥሩ ጥላ ቀትሯን ታሳልፍበታለች። ቅያሱ እንዲህ ተወለደ። ቀያሽ የሚባል አልቀየሰውም።

ግድግዳዎቹ የጭቃና የጭድ ነበሩ። ጣሪያቸውን የተሸከመው የበረሃ ዛፍ ግንድ ነው፤ በላዩ የተነጠፈው የቴምር ዝንጣፊ። ግድግዳዎቹ ወፍራሞች ስለነበሩ የፀሐይን ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቀስ እያሉ ይጠጡታል። ሙቀቱ ተንፏቆ ውስጥ ሲደርስ መሽቷል፤ ሰዉም ምንጣፉን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጥቷል። ብዙ አይጠይቁም ነበር። ዝናብ ባጠባቸው ቁጥር መልሶ የሚመርጋቸው እጅ ካገኙ ይበቃቸዋል።

ከቅያሱ ብዙም ሳይርቅ መስማክ የሚባለው ምሽግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1865 ገደማ የተሠራ ነው። በ1902 ጥር ወር ኋላ ንጉሥ የሆነው ወጣቱ አብዱልዓዚዝ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ ይዞታል፤ የዛሬዋ ሳዑዲ አረቢያ ታሪክ ሲተረክ የሚጀመረውም ከዚያ በር ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ በሩ ይጽፋሉ። ጥላ ግን የምታስታውሰው በማግሥቱ ቀትር ላይ ያሸነፈውም የተሸነፈውም መጥቶ ከአንድ ግድግዳ ሥር መቀመጡን ነው።

በቅያሱ ቤቶች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት እርግቦች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1938 በምሥራቅ በኩል ከመሬት ውስጥ ዘይት ወጣ። ዘይቱ ሀብት ሆነ፣ ሀብቱ መኪና ሆነ፣ መኪና ደግሞ በአህያ ልክ በተሰፋ መንገድ አይገባም። የከተማዋ ግንብ ፈረሰ። በ1950ዎቹ መሥሪያ ቤቶች ከጅዳ ወደ ሪያድ ሲዛወሩ ከተማዋ ወደ ሰሜን ተለጠጠች። ኋላም ዶክሲያዲስ የተባለው ግሪካዊ መሐንዲስ ሁለት ኪሎ ሜትር በሁለት ኪሎ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ሸንሽኖ ነደፋት።

እርግቦቹ ወደ ሰሜን በረሩ። ያባረራቸው የለም። «አዲሱ ቤት ግቢ አለው፣ ቧንቧ አለው» አሉ፤ እውነትም ነበረው። ጥላንም «ነይ፣ አብረን እንሂድ» አሏት። ሄዳ አየችው። ቤቶቹ እያንዳንዳቸው በየአጥራቸው መሀል ለብቻቸው ቆመዋል። መንገዱ ከመስፋቱ የተነሣ የአንዱ ቤት ጥላ ከማዶኛው አጥር አይደርስም። በእግሩ የሚሄድ ሰው አላየችም። በመጣችበት እግሯ ዲራ ተመለሰች።

ባዶ ቤት ሳይቆይ ይፈርሳል። እርግቦቹ ይህን ስለሚያውቁ ቁልፉን ለስደተኛ ወፎች ሰጡ፤ ኪራዩ በወር አንድ እፍኝ እህል ነበር። ከየመን የመጡ ገቡበት፤ ከቤንጋል፣ ከኬረላ፣ ከአፍጋን ተራሮች፣ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጡም ገቡበት። ከቀይ ባሕር ማዶ ከመጡት አንዷ ድንቢጥ ናት። አገሯ አዲስ አበባ፣ ሰፈሯ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ። የመጣች ለት በክንፏ ግድግዳውን ዳበሰችና ደነገጠች።

«ጭቃና ጭድ!» አለች። «ይሄማ የእናቴ ቤት ነው።»

«ቁጭ በይ ልጄ» አለቻት ጥላ። «ሁሉም እንደዚያ ብሎ ነው የሚቀመጠው።»

ቅያሱ በእነዚህ ወፎች ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ፤ የተረቱ ልብ ያለው እዚህ ነው። የአፍጋኑ ወፍ ከምድጃው ተሚስ የሚሉትን ሰፊ ቂጣ እያወጣ በመስኮት ያቀብላል። የቤንጋሉ ወፍ ልብስ ይሰፋል፤ የየመኑ ሻይ ያፈላል። ከጎን ካለው ሱቅ አል-ዘል፣ ምንጣፍና ካባ ከሚሸጥበት፣ ሐራጅ ከሚጮህበት ገበያ፣ የዑድ ጢስ በነፋስ ይመጣል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ድንቢጧ ጀበናዋን ታወጣለች። ሙቀት የማይችል ሽማግሌ ወፍ ካለ ወንበሩ ጥላ ወዳለችበት ይጎተትለታል፤ ጥላ ስትዛወር ወንበሩም አብሯት ይዛወራል። አሥር ሰዓት ገደማ ሲሆን እያንዳንዱ ወፍ በየደጃፉ አንድ አንድ ጣሳ ውሃ ይረጫል። ውሃው ሲተን የመሬቱን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ጣሳ ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ሠላሳ ደጃፍ ሠላሳ ጣሳ ሲረጭ ግን ቅያሱ ራሱ ይተነፍሳል። ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ይሄዳል። ድንቢጧ ዓይኗን ጨፍና «ሰኔ ገባ» ትላለች። በሪያድ ሰኔ የሚባል ዝናብ የለም፤ ያለው ሠላሳው ጣሳ ነው።

ኑሮው የተሟላ ነበር አልልም። በአንድ ክፍል ስምንት ወፍ ያድራል፤ ለስምንቱ ያለው አንድ አሮጌ መኪፍ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ነው። መጸዳጃው የጋራ ነው። ወረቀት የሌለው ወፍ የበር ኳኳታ በሰማ ቁጥር ልቡ ይቆማል። ከዲራ ወደ ደቡብ ሲወረድ መንፉሃ የሚባል፣ የእኛ ወፎች በብዛት የሰፈሩበት መንደር አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ወረቀት በሌላቸው ላይ ዘመቻ ተነሥቶ ያ ሁሉ መንጋ ሲበተን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ የእኛ ሰዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ። ድንቢጧ ያን ሰሞን ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ አልወጣችም። ደጃፏን የየመኑ ወፍ ረጨላት።

ከዕለታት አንድ ቀን ጣዎስ መጣ።

ጣዎስ ክፉ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምለው፣ ተረት ስንሰማ ክፉውን ቶሎ ለይተን ማወቅ ስለምንወድ ነው። ጣዎስ ከሰሜን፣ ከሰፋፊው መንገድ የመጣ የእርግቦቹ የልጅ ልጅ ጓደኛ ነበር። መኪናውን ርቆ አቁሞ፣ ላብ አጥምቆት፣ ጠፍቶበት ነው ቅያሱ ውስጥ የገባው። የየመኑ ወፍ ወንበር ሰጠው፤ ሻይ ቀዳለት። ጣዎስ ጭራውን አጣጥፎ ተቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ፣ ከሰማይ በታች ሆኖ ቀዝቀዝ አለው።

«ይህን ነፋስ ከየት አመጣችሁት?» አለ።

«ኧረ እኛ አላመጣነውም። ተጠጋግተን ነው የተቀመጥነው» አለው ባለ ሻዩ።

ጣዎስ ሊሄድ አልቻለም። እስኪመሽ ተቀመጠ። በማግሥቱ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። «አሪፍ ቅያስ አግኝቻለሁ» ብሎ ነበር የነገራቸው፤ ሲናገርም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ይባላል። ከልቡ ወዶታል። እነዚያም ወደዱት። በሳምንቱ ሃያ ጣዎስ መጣ። ባለ ሻዩ ደስ አለው፤ ሰፊውም ደስ አለው፤ ድንቢጧም ጀበናዋን ከዓርብ ወደ ኀሙስና ዓርብ አሳደገች። ለአንድ ዓመት ያህል ሁሉም ያተረፉ መሰላቸው። እኔም በዚያ ዓመት እዚያ ብኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ችግሩ ከጭራው መጣ። የጣዎስ ጭራ የሚያምረው ሲዘረጋ ነው፤ ሁለት አህዮች በሚሻሹበት መንገድ ደግሞ ጭራ አይዘረጋም። «አንድ ክንድ ብቻ ወደ ኋላ በሉ» ብለው ግድግዳዎቹን ለመኑ። ክንዱን የሚለካ ተፈለገና ሽመላ ተጠራ። ሽመላ በረጃጅም እግሮቹ ቅያሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው። ማንም ቀይሶት የማያውቀው ቅያስ በዚያ ቀን ቁጥር ተሰጠው፤ ቁጥሩ ዋጋ ሆነ፤ ዋጋው ሰሜን ድረስ በርሮ እርግቦቹ ጆሮ ገባ።

አንዷ እርግብ መጣች። አርጅታ ነበር። ግድግዳውን ሳመችው፤ በልጅነቷ የወደቀችበትን ደረጃ አየችው።

«ልጄ፣» አለቻት ድንቢጧን፣ «ባዶ በነበረ ጊዜ ያቆማችሁልኝ እናንተ ናችሁ። አልረሳሁትም። ግን ጣዎስ በወር አንድ ጆንያ እሰጣለሁ ብሏል። እኔም የልጅ ልጆች አሉኝ። አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ድንቢጧ መልስ አልነበራትም። እፍኙን ሁለት እፍኝ አደረገችው። ቀጥሎም ሦስት። ጆንያ ግን በድንቢጥ ክንፍ አይሞላም።

ግድግዳዎቹ ታደሱ። መታደሳቸው ደግ ነበር፤ አንዳንዶቹ ሊወድቁ ደርሰው ነበርና። የጭቃ ቀለም ያለው ሲሚንቶ ተለሰኑ። ስንጥቁ ሁሉ ተደፈነ፤ ድንቢጦች የሚያድሩት ደግሞ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ከዚያ አንድ ክንድ ወደ ኋላ አሉ። አንድ ክንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ጥላ ግን ከምሥራቁ ወደ ምዕራቡ ስትሻገር፣ ስንት ዘመን ያልነካት እሳት ጫፏን ነካት። በመንገዱ አናት ላይ የነበረው ክፍልም ለጭራው ዝቅ ስላለበት ተነሣ። እኩለ ቀን ላይ የምትገባበት አጣች።

እዚህ ላይ ተረቱን ላቁመውና አንድ ነገር ልበል። አዲስ ግንብ ጥላን አያሳድርም ያለ ሰው የለም። ከዚያው ቅያስ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ራሲም በድራን የተባለው መሐንዲስ የኢማም ቱርኪን መስጊድና ቀስር አል-ሑክም የሚባለውን ቤተ መንግሥት አካባቢ እንደ አዲስ ሠርቶታል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ተጠናቅቆ በ1995 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። በድራን ከመሥራቱ በፊት ጥላን ጠይቋት ነበር ብዬ አምናለሁ። ወፍራም ግድግዳ፣ ትንንሽ መስኮት፣ በአዕማድ የተከበበ ቅጥር ግቢ አደረገላት። ኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ፣ ስኖሄታ የተባለው የኖርዌይ ድርጅት የነደፈው የቀስር አል-ሑክም ባቡር ጣቢያ ተከፍቷል። ጣሪያው እንደ ትልቅ ጎድጓዳ ሣህን ያለ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው፤ ሥሩ የሚቆመው ሰው ራሱን ቁልቁል ያየዋል። ጥላ እዚያም ሄዳለች። «ተቀብለውኛል» ነው ያለችው። «ሰፊ ነው፣ ያምራል፣ ለሁሉም ክፍት ነው። ግን ሁሉም አላፊ ነው፤ ወንበሩን ወደ እኔ የሚጎትት የለም።» ይህን ስትል ቅሬታ አልነበረባትም። እኔ ግን ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ይህን ቃሏን በሰሙት እላለሁ።

ወደ ተረቱ ልመለስ።

ጥላ ስትሳሳ ቅያሱ ሞቀ። ጣዎሶቹ ግራ ገባቸው። «እንዲህ አልነበረም እኮ! የመጣነው ለቅዝቃዜው ነው» አሉ። መኪፍ አስገቡ፤ እያንዳንዱ ቤት ስድስት ስድስት። መኪፍ ቅዝቃዜ የሚፈጥር ይመስለናል። ሥራው ግን በውስጥ ያለውን ሙቀት ለቅሞ በጀርባው ወደ ውጭ መትፋት ነው፤ ሲደክም የሚያወጣውን የራሱንም ሙቀት ይጨምርበታል። የስምንቱ ወፎች አንድ መኪፍ ይተፋ የነበረውን ቅያሱ ይችለው ነበር። አሁን ግን ሁሉም ጀርባውን ለመንገዱ ሰጠ። ቅዝቃዜው ከመስታወት በር ጀርባ ገባ፤ ሙቀቱ የሁሉም ሆነ። ውጭ መቀመጥ ስላልተቻለ ወንበሮቹ ተነሡ። ወለሉ ላይ አዲስ ድንጋይ ተነጥፎ ስለነበር ውሃ መርጨት ተከለከለ፤ ድንጋዩን ያበላሻል ተባለ።

የመጀመሪያው ጣዎስ አንድ ከሰዓት በመስታወቱ በኩል ወደ ውጭ አየ። ባዶ ነው። ወጥቶ ቆመ፤ እግሩን አቃጠለው።

«ባለ ሻዩ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ።

የሚነግረው አላገኘም። ባለ ሻዩ በጣ ከሚባለው ሰፈር ማዶ፣ ከሌሎች አሥራ አንድ ወፎች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ነበር። ባለ ተሚሱ ምድጃውን አቀዝቅዞ ከሄደ ወር አልፎታል። ድንቢጧ የመጨረሻዋ ነበረች። ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ ከጥላ ጎን ተቀመጠች። ጥላ በዚያን ጊዜ ከግድግዳው እግር ሥር እንደ ክር ቀጥናለች።

«እማማ፣ አገሬ ልግባ» አለቻት። «ስንት ዓመት የላክሁት እህል አለ። የእናቴ ቤት ጣሪያ ታድሷል። ዶሮ ማነቂያ ነይ፤ እዚያ ቅያሱ ከዚህም ይጠባል። እጅሽን ዘርግተሽ የጎረቤትሽን ቡና ትቀበያለሽ።»

ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት።

«እቴ፣ ሰማሽ?» አለቻት። ጊዜው 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ፒያሳ በኮሪደር ልማት የምትፈርስበት ሰሞን። «ዶሮ ማነቂያ የለም። የእናታችን ቤትም የለም። እኛ ከተማው ዳር ቤት ተሰጥቶናል። አይክፋሽ፤ መጸዳጃው የብቻችን ነው፣ መብራቱም ደህና ነው። እናታችን ብቻ... ቡና ታፈላና ማንን እንደምትጠራ አታውቅም። ጎረቤቶቹ እያንዳንዳቸው ሌላ ቦታ ደርሷቸዋል። በረንዳው ላይ ቆማ ወደ ታች ታያለች። መንገዱ ሰፊ ነው።»

ድንቢጧ ስልኩን ዘጋች። ጥላ አላጽናናቻትም፤ ቃል አልነበራትም። ክንፏ ላይ እጇን ብቻ አሳረፈች፤ የእጇ ስፋት ከአንድ ላባ አይበልጥም ነበር።

በማግሥቱ ሁለቱም ከቅያሱ ወጡ። ጣዎስ በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ አያቸው፤ ሊከተላቸው በሩን ከፈተ፤ ሙቀቱ መለሰው።

ድንቢጧ ወደ በጣ ከሚወስደው ዋና መንገድ ዳር አውቶቡስ ልትጠብቅ ቆመች። ቀትር አልፎ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። መጠለያ የለም፤ ዛፍ የለም። ያለው አንድ የመብራት ምሰሶ ነው። ምሰሶው አስፋልቱ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ጥሏል፤ ጥላ ሮጣ ገብታ በርዝመቷ ተኛችበት። ድንቢጧ መስመሩ ላይ ቆመች። ከኋላዋ አንድ የቤንጋል ወፍ መጥቶ ቆመ። ከእሱ ኋላ ከኬረላ የመጡ ሁለት፣ ከእነሱም ኋላ እጁ ላይ ዱቄት የቀረ የአፍጋን ወፍ። ማንም ማንንም ሳያዝ በዚያች ቀጭን መስመር ላይ አንድ በአንድ ተሰለፉ። ፀሐይ ስትዞር መስመሩ ዞረ፤ ሰልፉም አብሮ ዞረ።

መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት ወፍ መጣች። የምሰሶው ጥላ አልቆ ነበር፤ የምትቆምበት አልቀረላትም። ከፊቷ ያለው ወፍ ዞር ብሎ አያትና ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ክንፉን በትንሹ ከፈተ። አሮጊቷ ከክንፉ ሥር ገባች። ከእሱም ፊት ያለው አየና ክንፉን ከፈተ፤ እንዲህ እያለ እስከ ድንቢጧ ደረሰ።

«ጠጋ በሉ» አለች ድንቢጧ። «ገና የሚመጣ አለ።»